ስፓኒሽን ለመማር አማርኛን መርሳት አያስፈልግም፦ ለጀማሪዎች ለቀረበ የሰዋስው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስፓኒሽ መማር ለጀመሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ አንድ የሰዋስው መግቢያ ሰሞኑን እዚህ ጅማ በተማሪዎች እጅ እየተዘዋወረ ነው። በአማርኛ ስለ ስፓኒሽ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ብዕር ማንሣታቸው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ጽሑፉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም አማርኛ ከስፓኒሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ ጀማሪው የራሱን ቋንቋ ወደ ጎን ትቶ ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ በኩል ይረዳ የሚል ነው። ከዚህ በመነሣት ጸሐፊው ስድስት ትምህርቶችን ያስተላልፋሉ፤ በ«ኦ» የሚያልቅ ስም ተባዕታይ፣ በ«አ» የሚያልቅ አንስታይ ነው፤ መሆንን ከሚገልጹት ሁለት ግሦች «ሴር» ለቋሚ፣ «ኤስታር» ለጊዜያዊ ነገር ይውላል፤ ተውላጠ ስሙ ከግሡ በፊት ሁልጊዜ ይጠራ፤ «ጉስታር» ማለት መውደድ ነው፤ በፊደላት ላይ የሚደረጉት ምልክቶች ጌጥ ናቸው፤ የኃላፊ ጊዜ ልዩነቶች ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ስለሆኑ የእርባታ ሰንጠረዦቹ ሁሉ በቃል ሳይያዙ ንግግር አይጀመር።

በማታ ክፍል ጀማሪዎችን ስለማስተምር የእነዚህን ምክሮች ውጤት በተማሪዎቼ ደብተር ላይ አየዋለሁ፤ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ስፓኒሽ ከላቲን የወጣ ነው፣ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ነው። ይሁን እንጂ ዘር የማይጋሩ ቋንቋዎች አንድን ሐሳብ በተመሳሳይ መንገድ ሊያዋቅሩ ይችላሉ፤ እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይልቅ ለስፓኒሽ በዘር ቢቀርብም፣ ጀማሪውን በሚያስቸግሩት ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አማርኛ ነው። ከዚህም በላይ ለአብዛኞቹ ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ራሱ በትምህርት ቤት የተለመደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ስለሆነ፣ በእሱ በኩል እንዲሄዱ ማስገደድ አንድ ችግር ላይ ሌላ መደረብ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያለው ስለ «ሴር» እና «ኤስታር» የተጻፈው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ግሥ የሚጠቃለሉ ናቸው፤ የ«ቋሚ» እና «ጊዜያዊ» ሕግም የተፈለሰፈው ይህ ልዩነት ለሌላቸው ሰዎች ማስታወሻ እንዲሆን ነው። ሕጉ ግን በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል የታወቀ ነው፤ ሆኖም በስፓኒሽ «ኤል ፓላሲዮ ኤስታ ኤን ጅማ» ይባላል እንጂ «ኤስ ኤን ጅማ» አይባልም። ሞት የማይመለስ ነገር ነው፤ ስፓኒሽ ግን «ኤስታ ሙኤርቶ» ይላል። በአንጻሩ ወጣትነት ማለፉ የማይቀር ሲሆን «ኤስ ኾቤን» የሚባለው በ«ሴር» ነው፤ ከደቂቃ በኋላ የሚለወጠው የሰዓት ቁጥርም «ሶን ላስ ትሬስ» ተብሎ በዚያው በ«ሴር» ይነገራል። ጸሐፊው እነዚህን «ልዩ ሁኔታዎች» ብለው ዘርዝረዋቸዋል፤ ነገር ግን ቦታን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ልዩ ሁኔታ ከሆነ ሕጉ ለምን ተጻፈ?

አማርኛ ተናጋሪው «ነው» እና «አለ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። «አስተማሪ ነው» ስንል ማንነቱን እንናገራለን፤ «ቢሮ ውስጥ አለ» ስንል ያለበትን እንናገራለን። የመጀመሪያው በስፓኒሽ «ኤስ ፕሮፌሶር» ሲሆን ሁለተኛው «ኤስታ ኤን ላ ኦፊሲና» ነው። ምንነት፣ ማንነት፣ ሙያ፣ የትውልድ አገር፣ ባሕርይና የተሠራበት ነገር የ«ሴር» ናቸው፤ መገኛ ቦታና ከአንድ ድርጊት ወይም ለውጥ በኋላ የሚታይ ሁኔታ የ«ኤስታር» ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለትም ሁኔታን፣ ብዙዎች ከ«አለ» ጋር ማገናኘት ይከብዳቸዋል፤ ነገር ግን ቃላችንን ፈታ አድርገን ብናይ ግንኙነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። «ሞቷል» የሚለው «ሞቶ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽና ከ«አለ» የተሠራ ነው፤ «ተቀምጧል» ተቀምጦ አለ፣ «ተኝቷል» ተኝቶ አለ፣ «ተዘግቷል» ተዘግቶ አለ ማለት ነው። ስፓኒሽም በእነዚህ ሁሉ ቦታ «ኤስታ ሙኤርቶ»፣ «ኤስታ ሴንታዶ»፣ «ኤስታ ዶርሚዶ»፣ «ኤስታ ሴራዶ» ይላል። በአማርኛው ግሥ መጨረሻ ላይ የተሸሸገውን «አለ» ተማሪው አንዴ ካየው በኋላ ለምን «ኤስታ ሙኤርቶ» እንደሚባል ሰበብ መፈለግ አያስፈልገውም።

መመሳሰሉ ግን እስከ መጨረሻ አይዘልቅም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጸሐፊውን በወቀስሁበት ስሕተት ራሴ እወድቃለሁ። አማርኛ «በሩ ክፍት ነው»፣ «እየበላሁ ነው» ሲል «ነው»ን ይጠቀማል፤ ስፓኒሽ ግን «ላ ፑኤርታ ኤስታ አቢኤርታ»፣ «ኤስቶይ ኮሚዬንዶ» ብሎ በ«ኤስታር» ይጸናል። የአንድ ዝግጅት ቦታ ሲነገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ሠርጉ ጅማ ነው» ለማለት «ላ ቦዳ ኤስ ኤን ጅማ» ይባላል፤ ምክንያቱም ሠርግ ይካሄዳል እንጂ እንደ ሕንጻ በቦታው አይቀመጥም። በተጨማሪም የእኛ «አለ» በስፓኒሽ ለሁለት ይከፈላል። «ውሃ አለ?» ብለን ስለ መኖሩ ስንጠይቅ «አይ አጓ?» ነው፤ «ውሃው የት አለ?» ብለን የታወቀውን ስንጠይቅ ግን «ዶንዴ ኤስታ ኤል አጓ?» ነው። መለያው «ውሃ» በሚለውና «ውሃው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳያስብ ያውቀዋል።

ስለ «ጉስታር» የቀረበው ትምህርት ጽሑፉ ከተነሣበት ሐሳብ የሚከተለውን ችግር በግልጽ ያሳያል። ጸሐፊው ግሡን «መውደድ» ብለው ፈትተው ተማሪው «ዮ ጉስቶ» እያለ እንዲያረባ ይመክራሉ፤ «ሜ ጉስታ» የሚለውን ትክክለኛ አነጋገር ደግሞ «የተገለበጠና እንግዳ» ይሉታል። እንግዳነቱ ከእንግሊዝኛ ሲታይ ነው። እኛ «ቡና ደስ ይለኛል» እንላለን፤ የግሡ ባለቤት ቡናው ነው፣ «እኔ» በግሡ መጨረሻ ላይ በ«ኝ» ብቻ እጠቀሳለሁ። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ማለት ቃል በቃል ይኸው ነው፤ «ሜ» የእኛ «ኝ» ናት። ደስ የሚሉት ብዙ ሲሆኑ አማርኛ «መጻሕፍቱ ደስ ይሉኛል» ብሎ ግሡን ለመጻሕፍቱ እንደሚያበዛው ሁሉ፣ ስፓኒሽም «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» ይላል። ደስ የሚለው ሰው ሲለወጥ «ደስ ይልሃል»፣ «ደስ ይለዋል»፣ «ደስ ይለናል» እንደምንለው «ቴ ጉስታ»፣ «ሌ ጉስታ»፣ «ኖስ ጉስታ» ይሆናል።

አንድ ግሥ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን «ይመስለኛል» «ሜ ፓሬሴ» ነው፤ «ይበቃኛል» «ሜ ባስታ»፣ «ይጎድለኛል» «ሜ ፋልታ»፣ «ይተርፈኛል» «ሜ ሶብራ»፣ «ይገርመኛል» «ሜ ሶርፕሬንዴ» ነው። «ሁለት ብር ይጎድለኛል» ለማለት «ሜ ፋልታን ዶስ ቢሬስ» የሚል ጀማሪ ከአማርኛ የተለየ አወቃቀር መማር አላስፈለገውም፤ ግሡን ለብሩ ማብዛቱን ብቻ ልብ ይበል። ሕመምን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ «ራሴን ያመኛል» ስንል «ራሴን» በ«ን» ተሳቢ ይሆናል፣ በስፓኒሽ «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ» ሲባል ራስ የግሡ ባለቤት ነው፣ «የእኔ ራስ» በማለት ፈንታም፣ በ«ውሃው» ላይ እንዳለው «ው» የታወቀን ስም በሚያመለክተው በ«ላ» ይጠራል። ጥርስ ሲያመን ግሡ የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ «ሜ ዱኤሌን ላስ ሙኤላስ» ይባላል።

ከጀማሪ ደረጃ ትንሽ ከፍ ቢልም አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልፈልግም። ብርጭቆ ከእጃችን ሲወድቅ «ብርጭቆው ተሰበረብኝ» እንላለን፤ የሰበርሁት እኔ ነኝ ሳንል፣ ነገሩ በእኛ ላይ መድረሱን በ«ብኝ» እንገልጻለን። በስፓኒሽ «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ» የሚባለው በትክክል ይህ ነው፤ «ወደቀብኝ» ደግሞ «ሴ ሜ ካዮ» ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለመግለጽ እንዲህ የታጠረ መንገድ የለውም። ይህን የመሰለ ሀብት ይዞ የመጣን ተማሪ «የምታውቀውን እርሳ» ማለት ለእኔ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ተውላጠ ስም ሁልጊዜ ይጠራ የሚለው ምክር በአጭሩ የሚመለስ ነው። «አብሎ» የሚለው ግሥ መጨረሻው «ኦ» በመሆኑ ብቻ «እናገራለሁ» ማለት ነው፤ «አብላስ» ትናገራለህ ወይም ትናገሪያለሽ፣ «አብላሞስ» እንናገራለን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ» እያሉ መናገር በአማርኛ «እኔ ሄድሁ፣ እኔ በላሁ፣ እኔ ተኛሁ» እንደማለት ጆሮ ይከብዳል፤ ሰሚው ሌላውን ሰው ለመለየት የተባለ ይመስለዋል። ተውላጠ ስሙ የሚያስፈልገው ለማነጻጸር ወይም አሻሚነትን ለማስወገድ ሲሆን፣ አሻሚነቱ በዋናነት ያለው «አብላ» ላይ ነው፤ እሱ፣ እሷ ወይም «ኡስቴድ» ይናገራሉ ማለት ሊሆን ይችላልና። «ኡስቴድ» የእኛ «እርስዎ» ነው፤ ቀድሞ «ክቡርነትዎ» እንደማለት ከነበረ የሁለት ቃላት ሐረግ ስላጠረ ግሡ እስከ ዛሬ በሦስተኛ መደብ ይረባል። የእኛ «ይናገራሉ» ለእነሱም፣ ለእሳቸውም፣ ለእርስዎም እንደሚያገለግል ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ይደንቃል? ጸሐፊው «ኡስቴድ»ን «አሮጌ የአክብሮት ቃል» ብለው አልፈውታል፤ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን የዕለት ተዕለት ቃል ነውና፣ ታላቁን በ«አንተ» እንደማይጠራ ሁሉ ተማሪያችን ከመጀመሪያው ቀን ቢለምደው ይሻላል።

የስም ፆታን በተመለከተ የ«ኦ» እና «አ» ሕግ ለብዙ ስሞች እንደሚሠራ አልክድም፤ «ኤል ሊብሮ» ተባዕታይ፣ «ላ ካሳ» አንስታይ ናቸው። ነገር ግን ጀማሪው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኛቸው ቃላት ሕጉን ይጥሳሉ፤ «ኤል ዲያ»፣ «ኤል ማፓ»፣ «ኤል ፕሮብሌማ»፣ «ኤል ኢዲዮማ»፣ «ኤል ሲስቴማ» በ«አ» አልቀው ተባዕታይ ናቸው፤ «ላ ማኖ»፣ «ላ ፎቶ»፣ «ላ ራዲዮ» በ«ኦ» አልቀው አንስታይ ናቸው። በ«ማ» የሚያልቁት ከግሪክ የመጡ ስሞች በብዛት ተባዕታይ መሆናቸውን፣ በ«ሲዮን» እና በ«ዳድ» የሚያልቁት እንደ «ናሲዮን» እና «ኡኒቤርሲዳድ» ያሉት ደግሞ አንስታይ መሆናቸውን ማወቅ ከጸሐፊው ሕግ ይበልጥ ይጠቅማል። ለ«ውሃ» የሚባለው «ኤል አጓ» ወንድ ይመስላል፤ ሆኖም ቃሉ በጠንካራ «አ» ስለሚጀምር ለአነጋገር ምቾት ሲባል «ኤል» ተሰጠው እንጂ «ኤል አጓ ፍሪያ» ሲባል ቅጽሉ ሴት መሆኑን ይመሰክራል። የሚሻለው ስሙን ከ«ኤል» ወይም ከ«ላ» ጋር አንድ አድርጎ መያዝ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ከፊል ረዳት ነው፤ ግሡም «ው» እና «ዋ»ም ፆታ እንዲያሳዩ ለምደናል፣ «ፀሐይ ወጣች» ማለትም አይከብደንም፤ ነገር ግን እኛ አንዱን መኪና አንዴ «መኪናው» አንዴ «መኪናዋ» ማለት ስንችል ስፓኒሽ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ፆታ ወስኖ አይለቅም።

ቅጽሉ ከስሙ ጋር በፆታ እንዲስማማ መደረጉንም ጸሐፊው «በአገራችን ያልታየ» ብለውታል። «ክቡር» እና «ክብርት»፣ «ቅዱስ» እና «ቅድስት» የምንል ሰዎች አይደለንም እንዴ? እዚህ ጅማ ያለ ተማሪ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምስክር አለው። አፋን ኦሮሞ ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ያስከትላል፤ «መና ጉዳ» ሲል መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ትልቅነቱን ይጠራል፤ ለሴት ደግሞ «ጉዶ» ይላል። «ካሳ ግራንዴ» በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ «ካሳ ብላንካ» እና «ሊብሮ ብላንኮ» ደግሞ የፆታውን ስምምነት ያሳያሉ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚናገሩ፣ ቅደም ተከተሉን ለማስረዳት ወደ አፋን ኦሮሞ መመለስ ይበቃኛል።

በፊደላት ላይ ያሉት ምልክቶች ጌጥ ናቸው የሚለው አባባል በፍጹም መታረም አለበት። «ካና» ሽበት ነው፣ «ካኛ» ሸንበቆ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው በ«ነ» ድምፅ ፊደል ላይ የሚሰመረው ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። እኛ «ነ» ላይ ጭረት ጨምረን «ኘ» እንደምንለው ሁሉ፣ ያም በስፓኒሽ 27 ፊደላት ውስጥ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። በአናባቢ ላይ የሚደረገው ጭረትም የትኛው ክፍለ ቃል በኃይል እንደሚነገር ያሳያል፤ «አብሎ» መጀመሪያው ሲጠነክር «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ጭረት ኖሮ ሲጠነክር «ተናገረ» ማለት ነው። «ፓፓ» መጀመሪያው ላይ ሲጠነክር ድንች፣ መጨረሻው ላይ ሲጠነክር አባባ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» የሚያልቅ ቃል ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ይጠነክራል፣ በሌላ ተነባቢ የሚያልቅ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ ከዚህ የወጣው ጭረት ይደረግበታል። አናባቢዎቹን በሚመለከት ደግሞ አንድ ተግባራዊ ምክር አለኝ፤ አምስቱም በእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ውስጥ ስላሉ፣ ስፓኒሽ ስታነቡ ወደ ግዕዝና ወደ ሳድስ ድምፅ አታውርዷቸው። «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» መሆኑም ላልቶና ጠብቆ መናገር ለለመደ አንደበት ፈተና አይሆንም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑባቸው ቦታዎችም አሉ። ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማስቀመጥ ልማዳችን ስለሆነ በመካከል ማስገባቱ ልምምድ ይፈልጋል። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» ለማለት ስፓኒሽ «ቴንጎ አምብሬ»፣ «ቴንጎ ሴድ»፣ «ቴንጎ ፍሪዮ» ብሎ ረኃብን፣ ጥምንና ብርድን እንደ ንብረት ይዟቸዋል፤ ዕድሜም «ቴንጎ ቤይንቴ አኞስ» ተብሎ ይያዛል። ይህ በእርግጥ በቃል መያዝ ያለበት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የጊዜ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የስፓኒሽ የኃላፊ ጊዜ ክፍፍል ለእኛ እንግዳ ነው ሲሉ የተመለከቱት እንግሊዝኛን እንጂ አማርኛን አይመስለኝም። «በላሁ» «ኮሚ» ነው፤ «እበላ ነበር» «ኮሚያ»፣ «በልቻለሁ» «ኤ ኮሚዶ»፣ «በልቼ ነበር» «አቢያ ኮሚዶ» ነው። የእንግሊዝኛው ተናጋሪ «ኮሚ»ን ከ«ኮሚያ» ለመለየት የሚደክመው ሁለቱን ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ስለሚላቸው ነው፤ እኛ «ልጅ ሳለሁ ወንዝ እዋኝ ነበር» እና «ትናንት ወንዝ ዋኘሁ» የሚሉትን አናምታታም። መጠንቀቅ ያለብን «ነበር» ላይ ብቻ ነው፤ የ«ነው»ም የ«አለ»ም ኃላፊ ስለሆነ፣ «ኤራ» ወይም «ኤስታባ» መሆኑን ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አሁን ጊዜ መልሶ ማየት ይጠቅማል። ስለዚህ ሰንጠረዦቹን ሁሉ አስቀድሞ መሸምደድ አያስፈልግም፤ በ«አር»፣ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁትን የሦስቱን ግሦች የአሁን ጊዜ እርባታ፣ ከእነሱ ጋር «ሴር»፣ «ኤስታር»፣ «ቴኔር» እና «ኢር»ን የያዘ ሰው መናገር መጀመር ይችላል። «ልበላ ነው» ለማለት «ቦይ አ ኮሜር» ይበቃዋል።

ዘንድ አንቀጽ፣ ማለትም ምኞትንና ፍላጎትን የምንገልጽበት የግሥ መልክ፣ ግን እስከ ሦስተኛ ዓመት ይቆይ ብለው መጻፋቸውን ፈጽሞ አልቀበልም። «ፈጣሪ ይባርክህ» በስፓኒሽ «ኬ ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ነው፤ «ይግባ» «ኬ ኤንትሬ» ነው። «መምጣት እፈልጋለሁ» ስንል ፈላጊውም መጪውም አንድ ሰው ስለሆነ «ኪዬሮ ቤኒር» ይባላል፤ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ስንል መጪው ሌላ ሰው ስለሆነ «ኪዬሮ ኬ ቤንጋስ» ይሆናል፤ «ኬ» በእኛ «እንድ» ቦታ ትቆማለች፣ ግሡም እንደ እኛው መልኩን ይለውጣል። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ሁለተኛውንም እንደ «መምጣት» ባለው ንኡስ አንቀጽ ይሠራና «ኪዬሮ ቱ ቤኒር» ይላል፤ ይህን ስሕተት በደብተራቸው ላይ ያገኘሁባቸው ተማሪዎቼ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ እንዲሉት ስጠይቃቸው፣ «እንድትመጣ» ብለው ሳይጨርሱ የቱን ቃል ማረም እንዳለባቸው ራሳቸው ነግረውኛል።